ጤነኛው ለገበያ፣ በሽተኛው ለቤት፦ የአሳማ ኮሶ ትል በፔሩ ገጠር

የአሳማ ኮሶ ትል መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። አንድ ጊዜ የሚወሰድ ኒክሎሳማይድ ትሉን ከአንጀት ያስወጣዋል። ያም ሆኖ በላቲን አሜሪካ፣ በአፍሪካና በእስያ ገጠሮች ዛሬም አልጠፋም። ይህ መጣጥፍ በሰሜን ፔሩ የሚገኘውን የቱምቤስን ክልል በማስረጃነት ይዞ፣ ለበሽታው ሥር መስደድ ዋናው ምክንያት የገበሬው አለማወቅ ሳይሆን የድህነት ኑሮ መሆኑን ያስረዳል።

ትሉ የሚያድገው በሰው አንጀት ውስጥ ነው። ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው እያንዳንዱ ቁራጩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። ሜዳ ላይ የተጣለውን ዓይነ ምድር የበላ አሳማ ሥጋው በእጭ ይሞላል፤ ያን ሥጋ በደንብ ሳይበስል የበላ ሰው ኮሶ ይይዘዋል። እንቁላሉን በተበከለ እጅ ወይም ምግብ የዋጠ ሰው ጉዳቱ ከዚህ ይከፋል፤ እጩ አንጎሉ ውስጥ ሰፍሮ የሚጥል በሽታ ሊያስከትልበት ይችላል። ስለዚህ የአሳማ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ኮሶ ካለበት ሰው ጋር በመኖሩ ብቻ ሊታመም ይችላል። በአገራችን ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ግን እንቁላሉ እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርስም።

በፔሩ ገጠር አሳማ ገዢ አስቀድሞ የሚያየው ምላሱን ነው። እንስሳውን አጋድሞ አፉን በእንጨት ይፈለቅቃል፤ ምላሱን ስቦ ከሥሩ በጣቱ ይዳብሳል። የእጩን እባጭ ካገኘ ወይ ትቶት ይሄዳል፣ ወይ ዋጋ ይሰብራል። ቄራ ቢወሰድም ሥጋው ይወገዳል። ኪሳራውን መሸከም የማይችለው ባለቤት እቤቱ ያርደዋል፣ አለዚያም እዚያው መንደር በርካሽ ይሸጠዋል። ምርመራው የከተማውን ሸማች ሲጠብቅ በሽታውን መንደር ውስጥ ያስቀረዋል። አሳማውን ዝጉበት የሚለው ምክርም መኖ ግዙለት ማለት ነው፤ ድሃው አሳማ የሚያረባው ግን ራሱ ዞሮ ስለሚበላ ነው።

በሄክተር ጋርሲያ የተመራው የተመራማሪዎች ቡድን ከ2004 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በቱምቤስ ያካሄደው ሥራ መውጫውን አሳይቷል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በ42 መንደሮች ምርመራን፣ ሕክምናን፣ ትምህርትንና አሳማ መተካትን ያካተቱ ስድስት ስልቶች ተሞከሩ፤ የተወሰነ ውጤት ያስገኙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻው ምዕራፍ ለሰዎች የጅምላ ሕክምና፣ ለአሳማዎችም መድኃኒትና ክትባት በ107 መንደሮች ተዳረሰ። 81,170 ሰዎችና 55,638 አሳማዎች በሚኖሩበት በዚህ አካባቢ፣ በኋላ ለናሙና ታርደው ከተመረመሩት 342 አሳማዎች መካከል ሕያው እጭ የተገኘው በ3ቱ ብቻ ነው። በ105 መንደሮች አንድም የተያዘ አሳማ አልተገኘም።

ውጤቱ የመጣው ሰውና አሳማ በአንድነት በመታከማቸው ነው። የጤና ባለሙያው ሰውን፣ የእንስሳት ሐኪሙ አሳማን ለየብቻ ቢያክሙ፣ ያልታከመው ወገን የታከመውን መልሶ ይበክላል። የጤናና የእንስሳት ሕክምና መሥሪያ ቤቶች በጀታቸውንና የሥራ ጊዜያቸውን ማቀናጀት አለባቸው፤ የመድኃኒቱና የክትባቱ ወጪም በገበሬው ላይ መጫን የለበትም። በሽተኛ አሳማውን የገለጠ ገበሬ የሚከስር ከሆነ መደበቁ አይቀርም። ለአሳማው ሕክምና ካገኘ ግን ራሱ የቁጥጥሩ አጋር ይሆናል።