ስለ አሮጌ መኪና ሻንሲ መምረጥ

ታሪክ ሲባል ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ብዙ ተጽፏል፤ በየደጃችን ስለ ቆመው አሮጌ መኪና ግን የጻፈ ጥቂት ነው። እኔን ለዚህ ጥናት ያነሣሣኝ ፈረስ ቤት በአጎቴ ግቢ የቆመው ባለ 109 ኢንች ላንድ ሮቨር ፒክአፕ ነው። አያቴ እህል ሲያመላልሱበት ኖረዋል። የላንድ ሮቨር አካል አብዛኛው አሉሚኒየም ስለ ሆነ አልዛገም፤ ሻንሲው ግን እንደ ሣጥን የተበየደ ብረት ስለ ሆነ ውኃና ጭቃ ከውስጥ በልቶታል። እንግዲህ ከሌላ መኪና ሻንሲ ካልተወሰደ አይነሣም። ከየትኛው ይወሰድ?

ለዚህ ጥያቄ አባቶቻችን አስቀድመው መልስ ሰጥተዋል። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ጠላት ትቶት ከሄደው ንብረት ብዙውን የእንግሊዝ ጦር አግዞ ወሰደ። ከቀሩት የጭነት መኪናዎች መካከል ስሙ የገነነው ፊያት 634 ኤን ነበረ። ሕዝቡ ከቁጥሩ መጨረሻ ወስዶ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። «ኤን» የተባለውም ፊደል «ናፍታ» ከሚለው የኢጣልያ ቃል የመጣ ነው፤ እኛም ናፍጣ የምንለው ከዚሁ ነው።

ፋብሪካው ይህን መኪና መሥራት ያቆመው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1939 ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን መንገድ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጭነት ተሸክሟል። ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ የወደቀው መኪና ዓይነቱ ለሆነው ለቆመው መለዋወጫ ይሆን ነበር። የአንዱ ባሌስትራ፣ የአንዱ ካምቢዮ ለሌላው ሳይቈረጥ ይገጥማል።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ የቀረቡልን ሁለት ሻንሲዎች ናቸው። አንዱ ፍኖተ ሰላም የሚገኝ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው፤ ያልዛገና ጠንካራ፣ መለዋወጫውም በቅርብ ያለ ነው። ሁለተኛው ቡሬ ከወደቀ ባለ 109 ኢንች ላንድ ሮቨር የሚወጣ ነው። ጥቂት ዝገት አለበት፤ ነገር ግን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በገመድ ስንለካው ሁለቱም ልክ እኩል ስለ ሆነ አልተጣመመም። ባለ 88 ኢንች ቢሆን ኖሮ ስለሚያጥር አይረባንም ነበር። ቶዮታውን ብንመርጥ ግን የካቢናው ማሰሪያ ሁሉ ተቈርጦ እንደ ገና ይበየዳል፤ መሪውና ፍሬኑም የቶዮታ ይሆናል።

አጎቴ «ከዚያ በኋላ የአባቴ መኪና ነው ልበል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሊብሬ ላይ የሻንሲው ቁጥር ስለሚሰፍር፣ የቡሬውን ብንወስድም እንኳ ቁጥሩ የሌላ ሰው መኪና ነው። አንድ መካኒክ «የድሮውን ቁጥር በአዲሱ ላይ እንምታው» ብሎ መክሮን ነበር፤ ይህ ግን ሕግንም ታሪክንም መዋሸት ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። የቡሬው ይመረጥ፤ ለውጡ አስቀድሞ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይገለጥ፤ ቁጥር የተመታበት የድሮው ብረት ተቈርጦ በቤት ይቀመጥ፤ የሁለቱም መኪናዎች ታሪክ ይጻፍ። የቡሬውም መኪና የሌላ ሰው አባት ደክመውበታልና። አጎቴም በዚህ ተስማምተዋል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ክረምት ወደየአገራችሁ ስትገቡ የወደቀ መኪና ብታዩ፣ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሳይቀድማችሁ ቁጥሩንና የባለቤቱን ቃል ጻፉ።