የሕዝብ በዓል አከባበርና የእድር ድንኳን



የመጽሔቱ አዘጋጆች «ለዘንድሮው እትም አንድ ነገር ጻፉልን» ብለው ሲጠይቁን ጥቂት አመንትተን ነበር። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አያልፍም፤ ዕድሜያችንም ያለቀው መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስናወጣና ስናስገባ፣ ቃለ ጉባኤ ስንገለብጥ ነው። ይሁንና ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ በበዓል ዝግጅት ምን አገባው? ድንኳኑንስ ለምን ያውሳል?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ሰዓት ስላጠረ በእንጥልጥል ቀርቷል። ለዚህ መልስ ይሆናል ያልነውን ከቅርብ ዘመን ታሪክ ጋር እያስተያየን እነሆ ጽፈናል።

እኛ ጌጫ ውስጥ መስከረም የበዓል ወር ነው። የሸካቾ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮም፣ መስቀልም በዚሁ ወር ይከበራሉ። ዝናቡ ገና አልቆመም፤ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ተዳፋቱ ያንሸራትታል። ሰው ከየገጠሩ ይጎርፋል። ጥላ የሚሆነው የእኛ ድንኳን፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት የእኛ ወንበር ነው። እዚያ ላይ ክፉ ነገር ቢደርስ ታዲያ ጡሩምባ የሚነፋው ማን ነው? ያንኑ ድንኳን ነቅሎ ከሐዘንተኛ ደጅ የሚተክለው ማን ነው? ያው እድሩ አይደለም እንዴ!

ነገሩ በሌላው አገር እንዴት እንደ ሆነ እንመልከት። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ፣ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር፣ የኢሬቻ በዓል በሚከበርበት ዕለት የደረሰውን የማያስታውስ የለም። ዘመኑ የቁጣ ዘመን ነበር፤ በኦሮሚያ ተቃውሞው ከተነሣ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ከመድረኩ አካባቢ የተቃውሞ ድምፅ ተሰማ፤ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሸሸ። በቦታው ጥልቅ ጉድጓድ ነበረ። ከፊት ያለው ገባበት፤ ከኋላ የመጣው በላዩ ወደቀ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 55 አለ፤ ሌሎች ከዚያ እጅግ ይበልጣል ብለዋል። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

በእኛ አስተያየት እዚያ ቦታ ሁለት ጥፋት ተገናኝቷል። አንደኛው ጭሱ ነው። ሁለተኛው ግን ማንም ብዙ የማያወራለት ጉድጓዱ ነው። ጉድጓድ እኮ ፖለቲካ የለውም! ሊከደን ወይም ሊታጠር ይችል ነበር።

ይበልጥ ልናስተውለው የሚገባን የሚቀጥለው ዓመት ነው። በመስከረም 2010 ዓ.ም. በዓሉ ተመልሶ ሲመጣ ሐዘኑ አልደረቀም፤ በዚያ ላይ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ይፈናቀል ነበር። በዓሉ ይቅር ቢባል ማን ይፈርድ ነበር? ግን አልቀረም። መሣሪያ የታጠቀ ሰው ወደ በዓሉ ቦታ እንዳይገባ ተደረገ፤ ሥርዓቱን የሚያስከብሩ ያልታጠቁ ወጣቶች ቆሙ። በመንግሥት ላይ የተቃውሞ መፈክር በዚያን ቀንም ተሰምቷል። ተቃውሞው ነበረ፤ ዕለቱ ግን በሰላም ዋለ። ሁለት ዓመት ቆይቶም፣ መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢሬቻ አዲስ አበባ ላይ ተከብሯል።

ጠብ በሌለበትም አደጋ አለ። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር፣ በፋሲለደስ መዋኛ፣ ጥምቀት ሲከበር ተመልካች የተቀመጠበት ከእንጨት የተሠራ ደረጃ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ የቆሰለው ብዙ ነው። ጥምቀት በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበርና ደስታው እጥፍ ድርብ ነበር። እዚያ ማንም ማንንም አልጠላም፤ ሰው ስለ በዛ እንጨቱ አልቻለም። ሠለጠነ በሚባለው አገርም ቢሆን ያው ነው። ጀርመን አገር፣ ዱይስቡርግ በምትባል ከተማ፣ በሐምሌ 2002 ዓ.ም. በአንድ የሙዚቃ በዓል ላይ 21 ሰዎች ተረጋግጠው ሞተዋል። የሚገባውም የሚወጣውም ሕዝብ በአንድ መተላለፊያ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። በአንድ በር ሁለት ሕዝብ!

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ እዚህ ላይ የምንናዘዘው ነገር አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ በዓል ዝግጅት ጸሐፊ ሆነን ተመርጠን ነበር። መድረኩ በቀርከሃ ይሠራ ተባለ፤ ቀርከሃ በአገራችን ሞልቷል። ከበዓሉ በፊት በተደረገው ስብሰባ ላይ «መድረኩ ተሠርቶ ተጠናቋል» ብለን በቃለ ጉባኤው ጻፍን፣ ሁሉም ፈረመ። ሄዶ ያየ ግን አልነበረም፤ እኛም አላየንም። ሰው ነገረን፣ ጻፍን፣ አበቃ። በዕለቱ ልጆች ለማየት ሲሉ በጎኑ ተንጠላጠሉ፤ ዝናብ ያራሰው መሬት ቋሚውን አልያዘም፤ መድረኩ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ሲሄድ እናቱ ከኋላ እየተከተለች የጮኸችው ጩኸት ግን እስከ ዛሬ በጆሯችን አለ። ቃለ ጉባኤውን በኋላ አውጥተን አነበብነው፤ ጽሕፈቱ የእኛው ነው፣ ያማረ ጽሕፈት። ከዚያ ወዲህ «ተጠናቋል» የሚለውን ቃል በዓይናችን ሳናይ ጽፈን አናውቅም።

ሌላው የጸጥታው ነገር ነው። በቴፒ በመጋቢት 1994 ዓ.ም. የፈሰሰውን ደም በዚህ አካባቢ የኖረ ሰው አይረሳውም። በ2011 ዓ.ም.ም በአስተዳደር ጥያቄ ምክንያት ቴፒና አካባቢዋ ሲታመሱ ወሬው በየመኪናው እየተጫነ እኛ ዘንድ ይደርስ ነበር፤ በመንገድ ላይ እያደገ የሚመጣ ወሬ። በዚያን ሰሞን ነው ሁለት ሰፈር ወጣቶች በኳስ ጨዋታ ተጋጭተው ድንጋይ የተወራወሩት። የኳስ ጠብ በደኅና ጊዜ የኳስ ጠብ ነው፤ በክፉ ጊዜ ግን «የማን ልጅ ነው? ከየት የመጣ ነው?» ይባላል። ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ ግማሹ ሰው «ዘንድሮስ ይቅርብን፣ ድንኳኑም አይውጣ» አለ። እውነቱን ለመናገር እኛም ከእነሱ ወገን ነበርን።

አሳባችንን ያስለወጡን አንዲት አሮጊት የእድር አባል ናቸው። ቡና እየተጠጣ ሳለ፣ በዓሉ ቢቀር ልጆቹ ቤት ተዘግተው አይውሉ፤ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ገመድ፣ ያለ ዳኛ ጫካ ዳር ይገናኛሉ አሉ። እኛ ስንት ዘመን በቢሮ ስንሠራ ያልታየን ነገር ለእሳቸው ታያቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ሽማግሌዎች ወደ ሁለቱም ሰፈር በአንድ ቀን ሄዱ፤ አንዱን አስቀድመው ቢሄዱ ሌላው ይቀየም ነበርና። ከየሰፈሩ አሥር አሥር ወጣት ለሥርዓት አስከባሪነት ተጠየቀ። ለየብቻ አልቆሙም፤ አንድ ገመድ ከዚህ ሰፈር አንድ፣ ከዚያ ሰፈር አንድ ሆነው ያዙት። መጀመሪያ አይተያዩም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን በአንድ ጣሳ ውኃ ሲጠጡ አይተናል። ትልቁ ክርክር የጦር ነገር ነበር። ሽማግሌዎቻችን ጦር ይዘው መጨፈር ልማዳቸው ነው፤ «ያለ ጦር በዓል ምኑን በዓል ሆነ!» ብለው የተቆጡ ነበሩ። በመጨረሻ ለዕድሜ ባለጸጎች ብቻ ይፈቀድ፣ ወጣቱ ዱላም ቢሆን መግቢያው ላይ ለእድሩ ዕቃ ያዥ ያስረክብ ተባለ። ዕቃ ያዡ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ዱላ ቁጥር ሰጠ፤ ማታ ሲመልስ የሦስቱ ባለቤት ጠፋ። ዱላዎቹ እስከ ዛሬ በእድሩ ዕቃ ቤት ቆመዋል፤ ባለቤቶቹ መጥተው መውሰድ ይችላሉ። አረቄ ሻጮቹ ከሜዳው ራቅ እንዲሉ ተለመኑ፤ በዚህ እንኳ ብዙም አልተሳካልንም።

በዓሉ ተከበረ፤ አንድም ድንጋይ አልተነሣም። ጡሩምባ ነፊያችን ቀኑን ሙሉ ጡሩምባውን ታቅፎ ከመድረኩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ችግር ቢነሣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ እንዲነፋ፣ ሕዝቡም በታችኛው በር ሳይሆን ሰፊ በሆነው በላይኛው በኩል እንዲወጣ አስቀድሞ በየቤተ ክርስቲያኑና በገበያ ተነግሮ ነበር። ሳይነፋ መሸ። ማታ ድንኳኑን ስናጥፍ «ዛሬስ ሥራ ፈትቼ ዋልሁ» ብሎ አሳቀን።

ለሚመጣው መስከረም የመድረኩን ቋሚዎች የሚመረምሩ ሦስት አባላት ያስፈልጋሉ። አንደኛው እኛ ነን፤ ሁለት ሰው ይጎድላል። ፈቃደኛ የሆነ አባል ስሙን ለገንዘብ ያዡ ያስመዝግብ፤ ምርመራው የሚደረገው ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት፣ ዝናብ ቢዘንብም ነው።