ቃለ አጋኖ በተዘዋዋሪ ንግግር፦ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ልማድ

የግሪክ ሊቃውንት ቃለ አጋኖን ከተውሳከ ግስ ጋር ቈጠሩት፤ ሮማውያን ግን ራሱን የቻለ የንግግር ክፍል አደረጉት። በ1795 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊንድሌይ መሬይ የእንግሊዝኛ ሰዋስውም ይህንኑ ይከተላል።

ችግሩ የሚገለጠው የሌላው ሰው ቃል በተዘዋዋሪ ሲነገር ነው። ቃለ አጋኖ ከዐረፍተ ነገሩ ክፍሎች ጋር ስለማይያያዝ «ዛት» በሚለው መስተጻምር ሥር አይገባም። የትምህርት ቤት መጻሕፍት መፍትሔ «አላስ» የሚለውን ቃል አስወግዶ ስሜቱን በዘጋቢው ግስ ላይ መጫን ሆነ፤ ተናጋሪው «በሐዘን ጮኸ» ይባላል፤ ትእምርተ አንክሮውም ይቀራል።

ልብ ወለድ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። በ1815 እ.ኤ.አ. በወጣው የጄን ኦስተን «ኤማ» ውስጥ ጊዜና መደብ ይለወጣሉ፤ አጋኖው ግን አይጠፋም። ለዚህ ስልት ሻርል ባዪ በ1912፣ ኦቶ የስፐርሰን በ1924 እ.ኤ.አ. ስም አወጡለት።

አማርኛ «ወይኔ አለ»፣ «እሰይ ብላ ተነሣች» ስለሚል አጋኖውን አይጥልም። ስለዚህ «በሐዘን ጮኸ» ብሎ መተርጐም የእንግሊዝኛን ችግር ለአማርኛ ማውረስ ነው። ነገር ግን ዘጋቢው ግስ ሐዘኑን እንጂ ቃሉን አይነግረንም፤ «ወይኔ» ወይስ «እግዚኦ» እንደ ሆነ ከተናጋሪው ጠባይና ከነገሩ አገባብ መርምሮ መምረጥ የተርጓሚው ኀላፊነት ነው።