ማን ቀምሶ ይፍረድ?

በ1981 (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቻርሊ ፓፓዚያን የሚባል አሜሪካዊ ታላቁ የብሪታንያ የቢራ ፌስቲቫል ላይ ነበር። አብሮት ያለው ማይክል ጃክሰን ነው። ዘፋኙ አይደለም፤ ስለ ቢራ በመጻፍ የታወቀው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። ፓፓዚያን እንዲህ ያለ ነገር አሜሪካም ብናዘጋጅስ ብሎ አማከረው። ጃክሰን ሐሳቡን ወደደው፤ ግን ምን ቢራ ልታቀርቡ ነው ብሎ ጠየቀው ይባላል።

ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነቱን ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕግ ከልክላ ነበር። ክልከላው ከተነሳ በኋላም ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ትንንሾቹን እየዋጡ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የቀሩት ጠማቂዎች ከ100 በታች ሆኑ። ቢራውም ቀጭን፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ ነበር። ሰው ቤቱ ውስጥ ቢራ እንዲጠምቅ የፌዴራሉ ሕግ የፈቀደለት እንኳን በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር ከፈረሙ በኋላ ነው። ጠላ በየቤቱ በሚጠመቅበት አገር ላደገ ሰው ይሄ ለማመን ይከብዳል።

ፓፓዚያን ግን አልተወውም። በ1982 ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የመጀመሪያው ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል ተከፈተ። ከ20 የሚበልጡ ጠማቂዎች፣ 800 ያህል ጎብኚ። ብዙም ሳይቆይ ጎብኚው የወደደውን ቢራ በድምፅ ይምረጥ ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የጠጣው ይፍረድ!

በ1985 ያሸነፈው ገበያ ከወጣ ገና ወራት ያልሞላው የቦስተኑ ሳሙኤል አዳምስ ነበር። ድርጅቱም «የአሜሪካ ምርጥ ቢራ» እያለ ማስታወቂያውን ለቀቀው። ተፎካካሪዎቹ ተንጫጩ። አንደኛ፣ ቢራው የሚጠመቀው በውል፣ የሰው ፋብሪካ ውስጥ ፒትስበርግ ነው። ሁለተኛ፣ ፌስቲቫል ላይ ድምፅ የሚያመጣው ጣዕም ብቻ ነው ወይስ ቅስቀሳም አለበት? እኔ ሦስተኛ እጨምራለሁ። በዚያ ፌስቲቫል አንድ ቅምሻ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አሥር ዓይነት ቀምሶ ምላሱ ለደነዘዘ ሰው የሚሰማው የሚጮኸው ቢራ ነው፤ መራራው፣ ጠንካራው። ቀስ ብሎ የሚጣፍጠው በ30 ሚሊ ሊትር አይታወቅም።

በ1987 የባለሙያ ዳኞች ቅምሻ ተጀመረ፤ የጎብኚው ድምፅ ለጥቂት ዓመታት ጎን ለጎን ሄዶ በኋላ ቀረ። ዳኛው ፊት የሚቀርበው ቁጥር የተጻፈበት ብርጭቆ ነው። የጠማቂው ስም የለም። የሚነገረው የቢራው ዓይነት ብቻ ነው። እንደ ወይን ዳኞች አይተፋም፤ ይውጣል። ብቁ ቢራ ከጠፋ ወርቁን ለማንም ያለመስጠት መብት አለው፤ ይሄን ደንብ በጣም ነው የምወደው። በቤት ጠማቂዎች ውድድር የተለመደው የነጥብ ወረቀት ደግሞ ከ50 ነው፦ ለጣዕም 20፣ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3 ብቻ። አረፋ እያሳዩ ማስታወቂያ የሚሠሩ ሰዎች ይህችን 3 ቢያዩዋት!

ግን ስሙን ደብቆ ዓይነቱን መንገር ራሱ ፍርድ ነው። ቢራ ውስጥ ቅቤ ቅቤ የሚል ሽታ አለ፤ በብዙ ላገር ቢራ ነጥብ ያስቀንሳል፣ በአንዳንድ የእንግሊዝና የቼክ ቢራዎች ግን ትንሽ ካለ ይታለፋል። ሳይደር ላይ ነገሩ ይብሳል። ሳይደር ከፖም ጭማቂ የሚብላላ መጠጥ ነው፤ ብቅልም ሆፕም የለውም። የምዕራብ እንግሊዝ ገበሬዎች ሳይደር አፍ ያደርቃል፣ አንዳንዴም ጭስ ጭስ ወይም በረት በረት ይላል። አገሩ ላይ ይሄ ወዙ ነው። ያንኑ ብርጭቆ ለስላሳ ሳይደር ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ተበላሽቷል ይባላል። ጋኑ በወይራ የታጠነ ጠላስ በየትኛው ዓይነት ይመዘገብ ይሆን? እኛ ዘንድ እኮ ቅምሻ የውድድር ጉዳይ አልነበረም። አሳላፊው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነበር።

የጠጪው ድምፅ ግን ተባሮ አልቀረም፤ በኢንተርኔት ተመለሰ። ሬትቢር በ2000፣ አንታፕድ በ2010 መጡ። ማንም ሰው ጠጥቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ስሙንና ምስሉን እያየ፣ ጓደኛው ስንት እንደሰጠው እያየ። አንድ ትንሽ ጠማቂ በዚያ ነጥብ ሰልፍ ሊያስይዝ ይችላል፣ ሊከስርም ይችላል።

በ2017 ሬትቢር የአክሲዮኑን ከፊል ለዓለም ትልቁ የቢራ ኩባንያ፣ ለኤቢ ኢንቤቭ፣ አንድ ክንፍ ሸጦ እንደነበር ታወቀ። ሽያጩ የተፈጸመው ከወራት በፊት ነው፤ ነጥብ ይሰጡ የነበሩት ሰዎች አያውቁም ነበር። ዶግፊሽ ሄድ የተባለው ጠማቂ ሚዛኑን ተፎካካሪዬ ይዞ እንዴት እመዘናለሁ በሚል የቢራዎቹ ነጥብ ከገጹ እንዲወርድለት ጠየቀ። በ2019 ኩባንያው የቀረውንም ጠቅልሎ ገዛው።