ከቂርያት ጋት ወደ ስድስት ኪሎ፦ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ዕድሜ

የታሪካዊ ዩኒቨርሲቲ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው የጎቲክ ሕንፃ ነው፤ ሹል ቅስት፣ ባለቀለም መስታወት፣ ወደ ሰማይ የሚመዘዝ ግንብ። የኦክስፎርድ ዕድሜ እውነተኛ ነው። የአሜሪካው ዬል ግን ጥንታዊነቱን በትዕዛዝ አሠራው፤ አርክቴክቱ ጄምስ ጋምብል ሮጀርስ የሃርክነስን ግንብ ከ1917 እስከ 1921 እ.ኤ.አ. ድረስ በመካከለኛው ዘመን አምሳል አቆመ።

የእስራኤሏ የቂርያት ጋት ነዋሪ ይህን ዕድሜ የመሻት ነገር ቶሎ ይረዳዋል። ከተማችን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተቆረቆረች የኮንክሪት ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ያለው ጉብታ፣ ቴል ኤራኒ፣ የጎልያድ አገር ጌት ነው ተብሎ ስለታመነ ነበር፤ በኋላ ግን ተመራማሪዎች ጌትን ያገኙት በሌላ ጉብታ፣ በቴል ጻፊት ነው። በዚህች ከተማ ብዙ ቤተ እስራኤል እንኖራለን። አባቶቻችን በጎንደር ነገሥታት ግንባታ ላይ በግንበኝነትና በአናጢነት ይታወቁ ነበርና ድንጋይ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

ስለዚህ ከዬል ይልቅ ስድስት ኪሎን መጎብኘት እመርጣለሁ። ይህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ሹል ቅስት ባይኖረውም ድንጋዩ ያየውን ያየ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በፋሽስት ኢጣሊያው ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ፣ ምጽዋት ለመቀበል ድሃው በተሰበሰበበት ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን የከተማው ሕዝብ ታረደ። ፋሽስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን እየቆጠሩ የሠሩት ደረጃ አሁንም በግቢው ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ጠላት የቆጠረውን ዘመን በአንበሳ መዝጋት ደረጃውን ከማፍረስ የበለጠ ብልህ ሥራ ይመስለኛል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑትም በዚሁ ቤት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ነው። በዓመቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሪቻርድ ፓንክኸርስት ዳይሬክተርነት ተቋቋመ። የተቋሙን ሙዚየም የሚጎበኝ ሰው ዛሬም ከብራናና ከሥዕል መካከል ወጥቶ ወደ ንጉሡ መኝታ ቤት ይገባል።