ክሊቭላንድ ፋውንዴሽን

ክሊቭላንድ ፋውንዴሽን በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ የሚገኝ የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. የሕግ ባለሙያና የባንክ ፕሬዚዳንት በነበሩት ፍሬድሪክ ጎፍ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከዓለም የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች የመጀመሪያው ነው።

በዚያ ዘመን ባለጸጎች ገንዘባቸውን ለአንድ ጠባብ ዓላማ ይናዘዙ ነበር። ዘመን ተለውጦ ዓላማው ቢያረጅም ኑዛዜው ስለሚያስር ገንዘቡ ያለ ጥቅም ይቀመጣል። ጎፍ የብዙ ሰዎች ስጦታ በአንድ ቋሚ ፈንድ እንዲጠራቀም፣ ገቢውንም ለጊዜው ችግር የሚያከፋፍል የዜጎች ኮሚቴ እንዲኖር አደረጉ። ከኮሚቴው አባላት ከፊሎቹን የሚሾሙት ባንኩ ሳይሆን ከንቲባውና ዳኞች ነበሩ።

የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች ገንዘቡን የሚሰጡት በአብዛኛው ለአካባቢው በጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው። ማመልከቻው ሲወሳሰብ ግን ባለሙያ ቀጥረው የሚያጽፉ ትላልቅ ድርጅቶች ይቀድማሉ፤ በድሃ ሰፈር የሚሠሩ ትንንሾች ይቀራሉ። ክፍፍሉን ፍትሐዊ ለማድረግ አንዳንድ ፋውንዴሽኖች ቅጹን ያሳጥራሉ፤ ለደመወዝና ለቤት ኪራይ ጭምር የሚውል ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ነዋሪዎችንም በውሳኔው ያሳትፋሉ።

ክሊቭላንድ ፋውንዴሽን ኤቨርግሪን የተባሉት የኅብረት ሥራ ድርጅቶች እንዲቋቋሙ ረድቷል። ባለቤቶቻቸው ሠራተኞቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው የጤና ተቋማትን ልብስ የሚያጥብ ላውንደሪ ነው። ፋውንዴሽኑ በ2023 እ.ኤ.አ. ጽሕፈት ቤቱን ከመሀል ከተማ አንሥቶ፣ በ1966ቱ ሁከት ወደሚታወቀው ወደ ሃፍ ሰፈር አቅራቢያ አዛውሯል።