ከአኮፋዳ እስከ ሊስትሮ ሳጥን

ተማሪ ሥራ ሲሠራ ባየን ቁጥር «ዘመኑ ከፋ» እንላለን። ጠዋት ደብተር፣ ከሰዓት የሊስትሮ ሳጥን ይዞ የሚወጣው ልጅ የዛሬው ኑሮ ውድነት የወለደው ይመስለናል። ታሪኩ ግን ከዚያ ይርቃል። በዚህ አገር የድሃ ልጅ የትምህርቱን ዋጋ ራሱ ሲከፍል ነው የኖረው። እየቀነሰ የመጣው ከጎኑ የሚቆመው ሰው ነው።

ከቆሎ ተማሪው እንነሳ። ቅኔ ወይም ዜማ ፍለጋ አገሩን ጥሎ የሚሄደው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን መለመኑ አይቀርለትም፤ ልመናው ራሱ የትሕትና ትምህርት ነው። ሥራም ነበረበት። ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ጽሕፈት የሚችል ደግሞ ዳዊት ገልብጦ ለልብሱ የምትሆን ያገኛል። ቁራሽ የምትሰጠው እናትም «የኔስ ልጅ በሰው አገር በማን ደጅ ቆሞ ይሆን?» እያለች ነው የምትሰጠው። ተማሪው ይለፋል፣ መንደሩ ያበላል፣ የኔታ ያስተምራሉ። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ውል ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ይህን ውል በመንግሥት ለወጠው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ተከፈቱ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ በ1935 ኮተቤ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1938 ጄኔራል ዊንጌት ተከተሉ። መንግሥት የተማረ ሠራተኛ ቸግሮት ነበርና አዳሪውን ተማሪ ያበላል፣ ያለብሳል፣ ያሳድራል። ያ ተማሪ ሥራ ፍለጋ መውጣት አላስፈለገውም። ግን ስንት ነበሩ? ተማሪው ሲበዛ አዳሪነቱ ቀረ። ሁለተኛ ደረጃ ያለው ከተማ ነው፤ ልጁ ያለው ገጠር። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ከቤት በሶና ድርቆሽ ይመጣል። ስንቁ ሲያልቅስ? ያኔ ወደ ጎዳና ነው።

«ሊስትሮ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው፤ ሥራው ግን የኛው ተማሪ ሆኗል። ጫማ ይጠርጋል፣ ሎተሪ ያዞራል፣ ሱቅ በደረቴ ያንጠለጥላል፣ ግንባታ ላይ አሸዋ ይሸከማል፣ ታክሲ ላይ ረዳት ይሆናል። የድሮው ተማሪ ቆሎ ለምኖ ይማር ነበር፤ የዛሬው ቆሎ ሸጦ ይማራል።

ይህን ልጅ ለረጅም ጊዜ ትምህርት ቤት ያቆየው ታዲያ ማንም ለሱ ብሎ ያላቀደው ነገር ነው፤ ፈረቃ። ክፍል ስላልበቃ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማራል። ለትምህርት ጥራት ጉዳት ነበር፤ ለሚሠራው ልጅ ግን ግማሽ ቀን ሰጠው። ለሴቷ ደግሞ የማታው ትምህርት ነበር። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትቀጠር ልጅ ከደመወዙ እኩል የምትደራደረው «ማታ ልማር?» ብላ ነው። ቀኑን ሙሉ እንጀራ ስትጋግርና ልብስ ስታጥብ ውላ፣ ማታ ዓይኗን እንቅልፍ እየታገለው ሒሳብ ትማራለች። የአሠሪዋ እንግዳ የመጣ ቀን ትቀራለች።

በ1966 «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ መምህራንን ለአድማ ሲያስነሳ፣ ወላጆችንም ያስቆጣው ይኸው ጉዳይ ነበር። አብዛኛው ልጅ በ4 ዓመት ትምህርት ይወሰናል መባሉን ድሃው «የኔ ልጅ ከዚህ በላይ አይማርም ማለት ነው» ብሎ ተረጎመው። ልጄ ለፍቶም ቢሆን ይማር እንጂ በሩ አይዘጋበት ነው ነገሩ።

በሩ ኋላ ላይ በሰፊው ተከፍቷል። የ1986ቱ ፖሊሲ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል ከክፍያ ነጻ አደረገ። የቤት ኪራዩ፣ ደብተሩና ምሳው ግን በ«ነጻ» ውስጥ አልተቆጠሩም። የሠራተኛ ሕጉስ? በ1996 የወጣው አዋጅ 377 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 14 አለ፤ በ2011 የወጣው አዋጅ 1156 ወደ 15 ከፍ አደረገው። ለወጣት ሠራተኛ የቀን ሥራ ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላም እንዳይሠራ ይከለክላል። መልካም ነው። ግን 7 ሰዓት የሠራ ልጅ መቼ ይማራል? ሕጉ ያሰበው ወጣት ሠራተኛውን እንጂ ተማሪውን አይደለም። ሊስትሮው ደግሞ አሠሪ የለውም፤ የሰው ቤት ሠራተኛዋም ከአዋጁ ውጭ ናት።

አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለመዋዕለ ሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ምገባ ጀምራለች። ይህ የድሮውን ቁራሽ በሥርዓት መመለስ ነው። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን ምሳውም ይቀራል፤ ኪራይና የቤተሰብ ችግር ትከሻው ላይ የሚወድቅበት ዕድሜም ይኸው ነው።

የቆሎ ተማሪውን ዘመን ማሞገስ አያስፈልግም፤ ረኃቡም፣ እከኩም፣ የውሻው ንክሻም እውነት ነበር። ግን ያ መንደር አንድ ነገር ገብቶት ነበር፤ የሚማር ልጅ እንጀራ ይፈልጋል፣ እንጀራውን ብቻውን ካሸነፈ ደግሞ የሚማርበት ጉልበት አይተርፈውም። ዛሬ ጫማችንን አስጠርገን «ጎበዝ፣ በርታ» ብለነው እናልፋለን። ያቺ እናት እንኳ ቁራሽ ትጨምርበት ነበር።